ደም አይናጥም

የአልኮሉ ሽታ ነው ሁሉን ነገር የቀሰቀሰብኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ካለ አንድ ክሊኒክ ለስኳር ምርመራ ደም ልሰጥ ሄጄ፣ የሸሚዜን እጅጌ ጠቅልዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ቀጂዋ ወጣት ናት። ደረቷ ላይ "ካርላ" የሚል ባጅ አንጠልጥላለች፤ ወላጆቿ ከኤልሳልቫዶር እንደመጡ፣ እሷ ደግሞ ዊተን እንዳደገች ገና ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ያቺን ትንሽ የአልኮል ጨርቅ ከማሸጊያዋ አውጥታ ክንዴን ስትጠርገኝ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ያ ስንት ዓመት የሠራሁበት ላቦራቶሪም ከነወንበሩ ከነጫጫታው ፊቴ ድቅን አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ደም ስቀዳና ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲቀዳኝ ግን ምራቷን እንደምትሰልል አማት ነው የምሆነው። መርፌውን እንዴት ያዘችው? ክንዴ ላይ ያሰረችውን ላስቲክ መቼ ፈታችው? ደግነቱ የልጅቷ እጅ ቀላል ነው፤ መርፌው ሲገባም አልተሰማኝ።

ጉዱ የመጣው ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን ቲዩብ ሞልታ ስታወጣው ነው። ይሄ ቲዩብ ውስጡ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለው፤ እንዲቀላቀል ቀስ ተደርጎ ስምንት ጊዜ መገልበጥ አለበት። ካርላ በሁለት ጣቷ ይዛ ትገለብጠው ጀመር፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። "አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት…" እያለች እስከ ስምንት። በአማርኛ!

"ይሄን ማን አስተማረሽ?" አልኳት በእንግሊዝኛ።

"አለቃችን ናት እንዲህ የምታስቆጥረን። በራሳችሁ ቋንቋ ስትቆጥሩ ትሮጣላችሁ፤ በዚህ ስትቆጥሩ ግን እጃችሁ ይረጋል ትለናለች። ደግሞ ደም ቅቤ አይደለም፣ አይናጥም ትላለች" ብላ ሳቀች።

ወንበሩ ላይ ቀጥ አልኩ። እንዴ! ቅቤዋ እኮ የኔ ናት! ቆጠራዋም የኔ ናት! "አለቃሽ ማን ትባላለች?" አልኳት። "ማህደር" አለችኝ። "እሷስ ከማን ተማረችው?" አልኳት፣ መልሱን እያወቅኩ፣ ስሜን ከሰው አፍ ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ። ካርላ ክንዴ ላይ ጥጥ እየለጠፈች ትከሻዋን ነቀነቀች። "ሶስና የምትባል፣ በሥራው የምትመክራት መንተር ነበረቻት፤ ሁልጊዜ ስሟን ታነሳለች። ከሷ ይሆናል።"

ሶስና! ወይ የኔ ጣጣ! ሽማግሌ ሆኜ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ክሊኒክ ወንበር ላይ ክንዴን አጥፌ ተቀምጬ ቀናሁ። ያ ቅናት ሞቷል ብዬ ነበር። ለካ እንቅልፍ ላይ ነው።

ነገሩ ሲጀመር፣ ያኔ የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ አሁን እንደምታዩት አልነበረም። እነዚህ ሁሉ መስታወት ሕንጻዎች ከመብቀላቸው በፊት፣ ፌንተን መንገድ ላይ ግማሹ ሱቅ "ይከራያል" የሚል ወረቀት ለጥፎ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ማለቴ ነው። አንድ ሰሞን ባዶ መሬት ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አንጥፈው፣ ወጣቱ ሁሉ እውነተኛ መስክ ያገኘ ይመስል እዚያ ላይ ሲንጋለል ይውል ነበር። ቤንዚን ሁለት ዶላር ሲገባ "ጉድ ፈላ፣ በዚህ ዓይነት መኪና መንዳት ቀረ" ብለን የተንጫጫነው ያኔ ነው። ስልክ እንደ ኪስ መስታወት ጠቅ ተደርጎ ይታጠፋል፤ አገር ቤት ለመደወል በአምስት ብር ካርድ ገዝተን ጀርባውን በሳንቲም እንፍቃለን። (ዶላሩን "ብር" እንለው ነበር፤ አሁንም እንላለን።) ወንዱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፤ ሴቱ ጫፉ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ። እኔ አረንጓዴ የሆስፒታል ልብሴን ለብሼ መንገድ ላይ ስሄድ ሰው "ዶክተር" ሲለኝ አላርምም ነበር፤ ምን አደከመኝ! መኪናዬ ውስጥ የካሴት ማጫወቻው ስለተበላሸ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቶ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስድስት ዘፈን ሰማሁ። አራተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ዛሬም ያንን ዘፈን ሌላ ቦታ ስሰማው ሳይንቀጠቀጥ ሲያልፍ ይጎድለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአንድ የታክስ ቢሮ በታች ባለ ምድር ቤት ውስጥ ልጆች እሰበስብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ነገሩ ያናደደኝ በየለቅሶውና በየሠርጉ የማገኘው ወላጅ ሁሉ ልጁን ዶክተር ወይም ነርስ ሊያደርግ ሲምል ነው። "ላቦራቶሪስ?" ስላቸው "እሱ ደግሞ ምንድነው፣ ሽንት የሚያዩት?" ይሉኛል። አዎ ሽንት እናያለን! ዶክተሩስ እኛ ያየነውን አንብቦ አይደል እንዴ ሐኪም የሚባለው? እና ዲቪ ደርሷቸው የመጡትንም፣ እዚሁ የተወለዱትንም፣ የትኛውን ኮርስ መውሰድ እንዳለባቸው፣ የትኛውን ፈተና አፕላይ እንደሚያደርጉ፣ ሆስፒታል ውስጥ የልምምድ ቦታ እንዴት እንደሚገኝ እነግራቸው ነበር። ከወሬው ይልቅ ግን የምወደው እጃቸውን ማስተማር ነው። ደም ማምጣት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ባለቤቴ ዘነበች ቀይ ሥር ቀቅላ ውሃውን ትሰጠኛለች፤ በማይክሮስኮፕ ለምናየው መስታወት፣ ለስላይዱ፣ ደግሞ ትንሽ ዱቄት እበጠብጥበታለሁ። ባዶ ቲዩቦች እሞላና "ገልብጡ" እላለሁ። እዚህ የተወለዱት "ዋን፣ ቱ፣ ስሪ" ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። "ቀስ! ቅቤ ነው እንዴ የምትንጠው? ደም አይናጥም! ደሙ ሲፈርስ ውጤቱ ውሸት ይሆናል፤ የአንድ እናት ውጤት ውሸት ሆነ ማለት ነው" ብዬ እጮሃለሁ። ከዚያ በአማርኛ አስቆጠርኳቸው። አራት ላይ የሚሰናከል ነበር፤ ስድስትን ዘሎ ሰባት የሚል ነበር። ግን ሲያስቡ እጃቸው ይረጋል። ፈጠራዬ ነበር፤ በዚህች ዓለም ላይ ሌላ የፈጠርኩት ነገር የለም።

ማህደር የመጣች ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር በዲቪ መጥታ ዊተን አንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ፤ አባቷ አገር ቤት እያለች ነው የሞተባት። እናቷ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምታጥፍ ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ልጇን እኔ ጋ ስታመጣት "ጋሽ ታደለ፣ አደራዎን" ብቻ ነው ያለችኝ። የዚያን ቀን ለልጆቹ ስላይድ ላይ ደም መለጠጥን በቀይ ሥሩ አሳይ ነበር። አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ ታስቀምጣለህ፣ በሌላ መስታወት ጫፍ ትነካታለህ፣ ከዚያ በአንድ እጅ ሳታመነታ ትገፋለህ። ጫፉ እየሳሳ እንደ ላባ ካለቀ ጥሩ ነው፤ ካመነታህ ግን እንደ መሰላል ይሸነሸናል። እኔ ይህን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል፤ መምህሬ ጣቴን በእርሳስ እየመታኝ። ማህደር በሦስተኛው ሙከራ ሠራችው። መስታወቱን ወደ መብራቱ አንስቼ አየሁት፤ እንከን የለውም። "እስቲ ድገሚው" አልኳት፤ ደገመችው። "ጥሩ ነው፣ ግን ቸኮልሽ" አልኳት። አልቸኮለችም ነበር። እውነቱን ዛሬ ልናገር እንጂ።

እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ናሙና የመቀበል በጎ ፈቃድ ሥራ አስገኘኋት። በሳምንት ሁለት ቀን ከኮሌጅ ስትወጣ ይዣት ወደ አሌክሳንድሪያ እወርዳለሁ፤ ማታ መልሼ ዊተን አደርሳታለሁ። ያኔ ወንዙ ላይ ያለው ትልቁ ድልድይ እየተሠራ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ብርቱካናማ በርሜል ነው፤ ትራፊክ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ያስቀምጠናል። ያ ካሴት ይንቀጠቀጣል፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። "ነጭ የደም ሕዋስ ስንት ዓይነት ነው?" "አምስት ጋሼ።" "ቲዩቡ ላይ ስም የሚለጠፈው መቼ ነው?" "በሽተኛው ፊት ጋሼ፣ ከክፍሉ ሳልወጣ።" "ብትረሺውስ?" "እጥለዋለሁ፣ እንደገና እቀዳለሁ።" እንዲህ ነበርን። ልጅ አለኝ፤ ልጄ ግን ኮምፒውተር ተምሮ ከደም ስም ይሸሻል። ከማህደር ጋር ስነዳ ሥራዬ ከኔ በኋላ የሚቀመጥበት ቤት ያገኘ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሶስና መጣች። ስፕሪንግፊልድ ቤት የገዛች፣ የአንድ ትልቅ ላቦራቶሪ ማናጀር፣ ማስተርስ ያላት፣ ከኔ አሥራ አምስት ዓመት የምታንስ ሴት። ስለ ቅዳሜው ነገር ሰምታ "ጋሽ ታደለ፣ እግዜር ይስጥዎት፣ እኔም ላግዝ" ብላ ገባች። ላግዝ ነበር ያለችው! በሁለተኛው ሳምንት ላፕቶፕና ፕሮጀክተር አመጣች፤ በሦስተኛው ፒዛ፤ በአራተኛው ለያንዳንዱ ልጅ ስሙ የታተመበት ቢዝነስ ካርድ። ነጭ ሸሚዝ፣ ቀጭን ተረከዝ፣ ምድር ቤቱን ሁሉ የሚሞላ ሽቶ። ላቦራቶሪ ውስጥ ሽቶ እንደማይቀባ አታውቅም እንዴ? እያልኩ ለዘነበች ሳማ፣ "ምድር ቤቱ ላቦራቶሪ ነው እንዴ?" ትለኛለች። "መንተሪንግ" የሚለውን ቃል ያመጣችውም ሶስና ናት። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስሠራው ስም አልነበረውም። ልጆቹ እኔን "ጋሼ"፣ እሷን "ሶሲ" ይሏታል፤ እኔ ስገባ ይነሳሉ፣ እሷ ስትገባ ይስቃሉ። መነሳቱን ሳይሆን ሳቁን ፈለግሁት። የቀይ ሥር ማሰሮዬ ከፊት ጠረጴዛ ወደ ኋላ፣ ከኋላም ወደ መሬት ወረደ።

አንድ ቀን ለአንድ ልጅ የጻፍኩትን የድጋፍ ደብዳቤ አሳየኋት። ደህና አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ አገር ቤት እንደምንጽፈው። "ጨዋ ልጅ ነው፤ በታላላቆቹ ፊት ዓይኑን አያነሳም፤ ካልጠየቁት አይናገርም፤ የተከበረ ቤተሰብ ልጅ ነው።" ሶስና አነበበችና አፏን በእጇ ያዘች። "ጋሽ ታደለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ አገር እኮ ይሄ ምስጋና አይደለም። የማይናገር ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ስህተት ቢያይ ማን ይናገራል? እጁ ምን ይችላል? እሱን ይጻፉ።" ልጆቹ ሰሙ፤ አንዱ ፈገግ አለ። ከሁሉ የባሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ትክክል ነበረች። ባትሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ይህ በሆነ በዓመቱ ማህደር ለልምምድ ቦታ አፕላይ አደረገች። ትልቁ ሆስፒታል በዓመት ከኮሌጇ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ያለ ልምምድ ትምህርቱ አያልቅም፤ ሳያልቅ ፈተናው የለም፤ ያለ ፈተና ሥራው የለም። ሁለት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ አንዱ እጇን ካየ የሙያ ሰው፣ ታሽጎ በፖስታ የሚላክ። እጇን ያየሁት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ "ጋሼ፣ ይጽፉልኛል?" ስትለኝ "ይሄም ይጠየቃል?" አልኳት። ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ፤ መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ ስርዝ ድልዝ አድርጌ፣ የሶስናን ምክር እየረገምኩም እየተከተልኩም። ስለ ዓይኗና ስለ ቤተሰቧ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ስለ እጇ ብቻ። አሸግኩት፣ ቴምብር ለጠፍኩበት፣ ሰኞ ልልከው መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው።

ቅዳሜ ምድር ቤት ተሰበሰብን። ሶስና ልጆቹ ሰው ፊት መናገር ይልመዱ ብላ እያንዳንዳቸውን ታስነሳለች። ማህደር ተነሳች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሰው ዓይን እያየች፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ሕልሟ ተናገረች። ደረቴ ሞላ። መጨረሻ ላይ "እዚህ ለመድረሴ መንተሬን ሶስናን አመሰግናለሁ" አለች። ጭብጨባ። ከዚያ ወደ ኋላ አየችኝና "ጋሼንም ስለ ራይዱ አመሰግናለሁ" አለች።

ስለ ራይዱ! ሹፌር ነኝ ማለት ነው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏችኋል ይሄ ነው። ፈገግ ብዬ አጨበጨብኩ። ሰኞ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ መኪናዬን አቁሜ ነበር፤ እጄ ፖስታውን አንስቶ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ መልሶ ከተተው። ነገ እልከዋለሁ አልኩ። ማክሰኞም ነገ አልኩ። ረቡዕ ማህደር ደውላ "ጋሼ፣ ላኩት?" አለችኝ። "ልኬዋለሁ እንጂ!" አልኳት፤ ያውም ቆጣ ብዬ። ዓርብ እንደ ማንኛውም ዓርብ አለፈ።

ፋይልሽ አልተሟላም፣ አንድ ደብዳቤ ይጎድላል አሏት። ሶስና ደወለች፣ ለመነች፤ ቀኑ አልፏል፣ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ማህደር የነገረችኝ ያው መኪና ውስጥ ነው፣ በርሜሎቹ መሀል ቆመን። "መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል" አልኳት። ማልቀስ ጀመረች። "ሶፍት ይኖርዎታል ጋሼ?" ብላ ዳሽቦርዱን ከፈተች፣ ሶፍት አወጣች፣ ዘጋችው። ከዚያ ዊተን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያ ካሴት ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት። ስትወርድ ግን "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ደህና ይደሩ" ማለቷን አልተወችም።

ያንን ዓመት ከእናቷ ጋር ሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ዋለች። አንዴ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ አየኋትና በሌላ መንገድ ዞርኩ። በዓመቱ በሶስናና በኮሌጅ አስተማሪዋ ደብዳቤ ገባች፣ ጨረሰች፣ ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፈች። ያንኑ ከፍተኛውን ፈተና። እኔ በታችኛው ፈተና ሥራ ይዤ፣ ሁለቴ ተቀምጬ ሁለቴ የወደቅሁትን፣ ከዘነበች በቀር ሰው የማያውቀውን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን ነው፤ ሌላውን አሳልፋለሁ፣ እኔ እዚያው ነኝ። ስትመረቅ ጠርታኝ ሄድኩ፤ ከኋላ ተቀምጬ ሶስና ስታቅፋት አየሁ። ከዚያ ወገቤን አመመኝ ብዬ ቅዳሜን ተውኩ። ማህደር ግን በየዓመት በዓሉ ትደውላለች። እኔ ደግሞ ዘነበች እንድታነሳው እሰጣታለሁ።

እና ባለፈው ማክሰኞ፣ ክንዴ ላይ ጥጥ ተለጥፎ፣ ካርላን "አለቃሽን ጥሪልኝ" አልኳት። ማህደር መጣች። መነጽር አድርጋለች፤ ግንባሯ ላይ ጥቂት ሽበት ጣል አድርጎባታል፤ ነጩ ጋዋን ልክክ ብሎላታል። "ጋሼ! ጋሼን ነው የማየው?" ብላ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። እኔስ? እንደ ሽማግሌ ልመርቃት ሲገባኝ፣ "ቅቤውን ከሶስና ነው የተማርሽው አሉ!" አልኳት።

ሳቀች። "ማን አባቱ አለ? ካርላ ናት? አዲስ ናት፣ አታውቅም። ሶሲ እኮ ቅቤ ሲናጥ አይታ አታውቅም!" አጠገቤ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጆቿን አየኋቸው፤ ጥፍሯ አጭር፣ ቆዳዋ በመታጠብ ብዛት የደረቀ፣ ልክ እንደኔ። የዚያን ጊዜ አፌ ከኔ ፈቃድ ውጭ ተከፈተ።

"ማህደር፣ ያ ደብዳቤ…"

"ዳሽቦርዱ ውስጥ ነበር ጋሼ" አለችኝ፣ በቀስታ። "ሶፍት ላወጣ ስከፍት አየሁት። ቴምብሩ ላይ ማኅተም አልነበረበትም።"

መሬቱን አየሁ። "ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? ተናድጄ ነበር፤ በጣም ተናድጄ ነበር። ለእማዬ ነገርኳት። ያስተማረሽን ሰው አታሳፍሪው፣ እሱ ራሱ ያፍራል አለችኝ። እኔ ደግሞ ቀን እየቆየ ሲሄድ ንዴቱ ለቀቀኝና ሌላ ጥያቄ ነው ውስጤ የቀረው።" መነጽሯን አወለቀች። "ምን ብለው ጽፈውልኝ ነበር ጋሼ? ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው። አንድም ቀን ጎበዝ ነሽ ብለውኝ አያውቁም እኮ።"

"ረሳሁት" አልኳት።

ውሸት ነው። ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ከአልጋው ሥር ያለውን ሻንጣ ጎተትኩ። ዘነበች "አንተ ሰውዬ፣ ወገቤን እያልክ ምን ትጎትታለህ?" ትላለች። የወደቅሁባቸው የሁለቱ ፈተናዎች ወረቀት ከላይ ነው፤ ከሥራቸው ፖስታው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ ቴምብሩ ለዛሬ ዋጋ አይበቃም። አልከፈትኩትም፤ መክፈት አያስፈልገኝም። "ይህን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ" ይላል። "የዚህች ልጅ እጅ ከኔ እጅ ይበልጣል። ይህን ያየሁት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ እስካሁን ግን አልነገርኳትም። ያላችሁ ቦታ አንድ ብቻ ከሆነ ለእሷ ስጡ። እኔ ወጣት ብሆንና ከእሷ ጋር ብወዳደር እንኳ ለእሷ ስጡ እል ነበር።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት በሶስና ቀናሁ እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። የሶስና ነገር ሰበብ ነበር። ያ "ከኔ እጅ ይበልጣል" የሚለውን ቃል ጽፌ አሽጌ ስጨርስ ነው ልቤ የጠቆረው፤ "ስለ ራይዱ" ስትል ደግሞ ምክንያት አገኘሁ። ዘነበች በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነበር። ነገርኳት፤ ሁሉን ነገርኳት፤ የሆቴሉን አንሶላም፣ አውቶቡስ ፌርማታውንም። "በል ተነስ" አለችኝ። ከኩሽና መሳቢያ ሁለት ባንዲራ ያለባቸው ቴምብሮች አምጥታ ከአሮጌው ጎን ለጠፈች። የሆስፒታሉን አድራሻ ሰርዤ የክሊኒኩን ጻፍኩ። ስሟን ከፊቱ አደረግሁ።

መንገዱ ማዶ ያለው ሰማያዊ ሳጥን ድረስ ፀሐይ ላይ ቀስ ብለን ሄድን። ክዳኑን ከፍቼ ቆምኩ። በሕይወቴ ለስንት ልጅ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ለእኔ ግን እንዲህ የሚል ደብዳቤ የጻፈልኝ አንድ ሰው የለም። እንደገና ቀናሁባት። ምን ይደረግ፣ ቀናሁባት። ደብዳቤውን ግን ለቀቅሁት፤ ሳጥኑ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁት።